ጥርስ የሌለው ደንበኛ

የመጨረሻው መንጋጋዬ ድዴ ውስጥ ተጋድሞ በቅሎ ኖሯል። ድዴ ተቀዶ መውጣት ነበረበት። ደምበል አጠገብ ካለው ክሊኒክ ስወጣ አንድ ጉንጬ ደንዝዟል፣ የታጠፈ ፋሻ ነክሻለሁ፣ የሐኪሟ ድምፅ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል፦ "ለስላሳ ነገር ብቻ። ትኩስ አይሆንም። ፍርፋሪ ያለው አይሆንም። እርጎ አለ፣ አቮካዶ አለ፣ የተፈጨ ድንች አለ። በቃ፣ የሚመችሽን መምረጥ ነው።"

መምረጥ ቀላል ይመስላታል።

ታክሲ ይዤ ቤቴ ገብቼ መተኛት ነበረብኝ። ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ በደነዘዘ ጉንጭም ቢሆን። እርጎ የሚሸጥ ሱቅ እየፈለግሁ በእግሬ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የድሮ ግቢያችን የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከአጥሩ በላይ የሚታየው ክሬን ብቻ ነው። ልመለስ ስል ሽታው መጣ። አጥሩ ጥግ አንዲት ሴት ጃንጥላ ስር ቁጭ ብላ በቆሎ ትጠብሳለች። እሸቱ ከሰሉ ላይ ይንጣጣል፤ ጫፍ ጫፉ ሲያር የሚወጣው ያ ጣፋጭ ጭስ እርጥቡን አየር ሞልቶታል። አፌ ውስጥ ያለው ፋሻ በምራቅ ራሰ።

"ልጥበስልሽ እህቴ?" አለችኝ።

መናገር ስላልቻልኩ ጉንጬን በጣቴ አሳየኋት።

"ውይ! ጥርስሽን ነው? በይ ሂጂ፤ አንቺስ ዛሬ በቆሎ አይሆንሽም።"

ሳቄ መጣ። ሲስቁ ያማል፤ ግን ሳቅሁ። ጥርስ የሌለው ሰው በቆሎ እንዴት እንደሚበላ እዚያው ቦታ፣ ከዚያ አጥር ጀርባ ነው የተማርኩት። ሁለት ጣቴን አውጥቼ ሁለት እንድትጠብስልኝ አሳየኋት። እብድ እንደሚያይ ሰው አየችኝና ማራገቢያዋን አነሳች።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሦስተኛ ልገባ ነበር። ያ ክረምት እኔም አባባም ጥርስ ያጣንበት ነበር። የኔ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ተከታትለው ወልቀው፣ ምላሴ በቀዳዳው ሲወጣና ሲገባ ይውላል። የአባባ ግን ድንገት ነው። አባባ የእናቴ አባት ነው፤ ከእኛው ጋር ነበር የሚኖረው። አንድ ጠዋት ጉንጩ አብጦ ተነሳ። እማዬ ሰንጋ ተራ ወደነበረ የጥርስ ሐኪም ወሰደችው። የቀሩት ጥርሶቹ ሁሉ ተበላሽተው ስለነበር አንድም ሳያስቀሩ ነቅለው፣ ድዱን ሰፍተው መለሱት። ቁስሉ ሲድን ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገባለታል ተባለ።

"ሰፍተውታል" ስትል ነው እማዬን ከጎረቤት ጋር ስታወራ የሰማኋት። እኔ የማውቀው ሰፊ አንድ ብቻ ነው፤ ግቢያችን በር ላይ ቀኑን ሙሉ መኪናውን ሲያንቀጫቅጭ የሚውለው ልብስ ሰፊ። እናም አባባ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሲተኛ ነገሩ ገባኝ። አፉን ከዳር እስከ ዳር ዘምዝመውታል ማለት ነው።

"ጥርሶቹንስ የት አደረጋችኋቸው?" ብዬ እማዬን ጠየቅኋት።

"ምን ሊያደርጉልሽ?"

"ጣሪያ ላይ ልወረውርለት።"

የኔን ጣሪያ ላይ ወርውሬ አዲሱ ጫፉን ማሳየት ጀምሯል። እማዬ መሳቅ ጀመረችና መሀል ላይ ፊቷን አዞረች። "እዚያው ሐኪሙ ጋ ቀሩ" አለችኝ። በጣም ተናደድኩ። ታዲያ በምን ሊበቅልለት ነው?

ነገሩን ያከበደው ደግሞ ፍልሰታ መግባቱ ነው። ሌሎቹ ጾሞች የትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ፍልሰታ ግን የልጆች ነው። በሰፈራችን ማን እስከ ስንት ሰዓት እንደጾመ መፎካከሪያችን ነበር፤ ምላሳችንን አውጥተን እንተያያለን፣ የነጣለት የጾመ ነው። እኔና አባባ ጾሙን አብረን ጀምረን አብረን ልንጨርስ ተስማምተን ነበር፤ እኔ እስከ ስድስት ሰዓት፣ እሱ እስከ ዘጠኝ። ሁለት ሰው የጀመረው ጾም ሁለት ሰው የተሸከመው ፍራሽ ነው፤ አንዱ ከለቀቀ ይወድቃል ብዬ አምን ነበር። ማንም እንዲህ አላለኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ሐኪሙ ያዘዘው ምንድን ነው? ወተት፣ እርጎ፣ የተመታ እንቁላል፣ የዶሮ ሾርባ። ሐኪሙ የፈቀደውን ሁሉ ጾሙ ይከለክላል። ጾሙ የሚፈቅደውን ደግሞ፣ ቆሎውን፣ ዳቦውን፣ በርበሬ የበዛበትን ሽሮ፣ ሐኪሙ ይከለክላል። የንስሐ አባታችን መጡና "የታመመ ሰው ይፈቀድለታል፣ ወተቱን ይጠጡ" አሉ። አባባ መስማቱን ራሱን ነቅንቆ ገለጸና ወደ ግድግዳው ዞረ። እሳቸው ሲወጡ ብቻ፣ ከጋቢው ስር፣ ለእማዬ እንዲህ አላት፦

"ጥርሴን ወሰዱ። ጾሜን ደግሞ እናንተ ልትወስዱ ነው?"

እኔ ያን ጊዜ ውጪ ነበርኩ። እማዬ ናት በኋላ የነገረችኝ። ስለዚህ አፉ እንደተሰፋ ማመኔ ቀጠለ።

አንድ ቀን እማዬ አጥሚት በሳህን አድርጋ "ሂጂ ስጪው፣ አንቺን እንቢ አይልም" ብላ ሰደደችኝ። ሳህኑ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ነጭ ሳህን ነው። አባባ ከለገሃር ተነስቶ ድሬዳዋ በሚሄደው ባቡር ላይ፣ በምግብ ቤቱ ፉርጎ አስተናጋጅ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ያን ሳህን ይዞ ነው የወጣው። ምግብ ቤት ስንሄድ ምግቡን ከመቅመሱ በፊት አስተናጋጁን ያያል፤ የአስተናጋጁ አካሄድ ካላማረው ምግቡም አያምረውም። እኔም ያን ቀን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የወጥ ቤቱን ፎጣ አጥፌ ክንዴ ላይ አደረግሁና በሩ ላይ ቆሜ "ደንበኛ፣ ምሳ ደርሷል" አልኩ።

አባባ ዞሮ አየኝ። እኔን ሳይሆን እጄን።

"አውራ ጣትሽ!" አለ።

አውራ ጣቴ አጥሚቱ ውስጥ ነበር። ከደነገጥኩት ይልቅ የተደሰትኩት ይበልጣል፤ ሰፊው መሀል ላይ ቀዳዳ ትቶለታል ማለት ነው። ጣቴን አወጣሁ፣ በፎጣው ጠረግሁ።

"አሁን ከግራ በኩል ቅረቢ" አለኝ። ጥርስ የሌለው አፍ ድምፁን አለስልሶበታል። "እኔ ሙሲዬ ነኝ፣ ተሳፋሪ። አንቺ ማድሞዜል ነሽ፣ አስተናጋጅ። ዛሬ ምን አለ?"

"አጥሚት።"

"እሱ ስሙ ነው። ስም አይበላም። ምን ዓይነት አጥሚት?"

"የበር ላይ ጭቃ የመሰለ።"

"ማድሞዜል! ደንበኛ ፊት ጭቃ አይጠራም።" ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋው። "ሂጂና አስበሽ ተመለሺ።"

ወጥቼ ውሃ መውረጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ልብስ ሰፊው እግር ስር ድመቷ ተኝታለች። ሆዷን ነካሁት። ሮጬ ተመለስኩ።

"እንደ ድመት ሆድ ለብ ያለ አጥሚት፣ ሙሲዬ።"

ጋቢው ስር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ማንኪያውን አነሳ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ አፉን በጋቢው ጋርዶ በላ። ሲጨርስ አየሁ፤ ግማሹን በልቷል።

ሥራዬ ይሄ ሆነ። ሌሎቹ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎርፍ ላይ የወረቀት ጀልባ ሲለቁ እኔ ያንኑ አጥሚት በምን እንደምጠራው እያሰብኩ ግቢውን እዞራለሁ። "ከትምህርት ቤት ቀርቶ አልጋ ውስጥ መዋል የመሰለ አጥሚት" ያልኩ ቀን ሳህኑ ባዶ ተመለሰ። "እንደ አስፋልት የለሰለሰ" ያልኩ ቀን አንድ ማንኪያ ብቻ። ክፍያዬ ማንኪያ ነበር። ደግ ቃል ብዙ ማንኪያ ያስበላል፤ ሰነፍ ቃል ሳህኑን እንደሞላ ይመልሰዋል። እስከ ዛሬ እንደሱ ያለ ፈራጅ አላጋጠመኝም።

መሀል መሀል ላይ የሙያውን ሕግ ይነግረኛል። አንዱ፣ "የለም" አይባልም የሚለው ነው።

"ፉርጎው ውስጥ ሎሚ ሲያልቅ 'የለም' አንልም። 'ብርቱካን እናቀርባለን' ነው የምንለው። ደንበኛ 'የለም' የሚል ቃል ከሰማ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ይወርዳል።"

"ባቡሩ እየሄደ?"

"በልቡ ይወርዳል።"

ሌላው ሕግ ከባድ ነበር፤ ሲነግረኝ ተቀምጦ ነው የነገረኝ። "ሳህን ውስጥ ያለውን ሳትነግሪ ሳህን አታስቀምጪ። ባቡሩ ላይ የሚጾመው አለ፣ የማይጾመው አለ፣ የእስላም ሥጋ የሚበላ አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚበላ አለ። ሁሉም ወጥ ቤቱን አያዩም። አስተናጋጁን አምነው ነው የሚጎርሱት። ቃልሽ ከሳህኑ ጋር ካልገጠመ ፎጣውን አስቀምጪ።"

"እሺ ሙሲዬ።"

ግን ቃሎቼ አለቁ። አጥሚቱ ሲደጋገም ምን ብለው ቢጠሩት ያው አጥሚት ነው። ጎረቤት በሶ በውሃ በጥብጦ አመጣ፤ "ሲሚንቶ" አለው። የተፈጨ ድንች ቀረበ፤ በጣቱ ነክቶ ተወው። አቮካዶ ስሰጠው አሽትቶ "ይሄ እንደ ሳሙና እጅ መታጠቢያ ላይ ነው የሚቀመጠው" አለ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። አንድ ቀን እማዬ ልብስ ስታጥብ፣ አብሬያት እየጨመቅሁ ሳለ እንዲህ አለችኝ፦

"እሁድ ድረስ እንዲህ ከሆነ በግድ ሐኪም ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ግሉኮስ ይተከልለታል።"

"ግሉኮስ ጾም ያስፈታል?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ሕይወት ያሰነብታል።"

ፈራሁ። እማዬም ፈርታ ነበር፤ ያስታውቅባታል። ልብስ ስትጨምቅ ጨርቁ ሳይሆን የሆነ ሰው የምታንቅ ነበር የምትመስለው።

ቅዳሜ ቀን አጥሚቱን ራሷ ሳህን ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። ፊቴን አላየችም። ደጃፉ ላይ ደርሼ ወደ ሳህኑ ሳይ ላዩ ላይ ቀጭን ቆዳ ሠርቷል፤ ጠርዙ ጋ ተሸብሽቧል። የውሃ አጥሚት ቆዳ አይሠራም። ዞር ስል እማዬ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። ራሷን ወዘወዘችልኝ፦ ዝም በይ።

ደጃፉ ላይ ብዙ የቆምኩ ይመስለኛል። ዝም ካልኩ ይበላል፤ ሐኪም ቤትም አይሄድም። ግን ክንዴ ላይ ፎጣው አለ።

ከግራ በኩል ቀረብኩ። አውራ ጣቴ ጠርዙ ላይ ነው።

"ማድሞዜል፣ ዛሬ ምን አለ?"

"አጥሚት፣ ሙሲዬ" አልኩ፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ በሚመስል ድምፅ። "ወተት ያለበት!"

ውጪ የልብስ ሰፊው መኪና እንኳን ቀጥ ያለ መሰለኝ። እማዬ "አንቺ ልጅ!" ብላ ገባች። "የኔ ልጅ ነሽ ወይስ የሱ?"

አባባ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳህኑን አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ልሮጥ ነበር። ጋቢው ከፊቱ ላይ ወደቀና አባባ አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ ሳቀ። ከሐኪም ቤት ከመጣ ወዲህ ያን አፍ ያየ ሰው አልነበረም። አልተሰፋም! እንደ አራስ ልጅ አፍ ሮዝ ነው፤ ድዱ ላይ እዚህም እዚያም የክር ጫፎች እንደ ጉንዳን ቆመዋል። ጥርስ እያለው እንኳን እንደዚያ ሲስቅ አላየሁም። እማዬ መጀመሪያ ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ከዚያ እሷም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሁለቱም የሳቁበትን አላወቅሁም፤ ግን አፉ ስላልተሰፋ እኔም ሳቅሁ።

"ጽጌ" አላት እማዬን፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ "ከዚች ልጅ ጋር ጅቡቲ ድረስ አብሬ እሠራ ነበር።"

"እሺ አባዬ፣ ሳቅ አይበላም! ምን ልስጥህ? ንገረኝ፤ ምን ልስጥህ?"

የዚያን ጊዜ ነው ነፋሱ ጭሱን በአጥር አሻግሮ ያመጣው። እትዬ ዘነበች በራችን ላይ ከሰሏን አቀጣጥላ ነበር፤ በቆሎ የምትጠብሰው እሷ ናት። አባባ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢውን አልሳበም።

"ማድሞዜል፣ ማዘዝ ይቻላል?"

"ይቻላል ሙሲዬ።"

"የተጠበሰ በቆሎ።"

"በቆሎ?" አለች እማዬ። "በየትኛው ጥርስህ?"

ሁለቱም እኔን አዩኝ። "የለም" እንዳይወጣኝ አፌን በእጄ ያዝኩት። "እናቀርባለን" አልኩና ሮጥኩ።

እትዬ ዘነበች ስታየኝ ሳቀች። "የባቡር ነጂው ልጅ! ጾም ነው አይደል? ምን ፈልገሽ ነው?"

"ነጂ አይደለም፣ አስተናጋጅ ነው! በቆሎ ፈልጎ ነው።"

"ጥርሱን አስነቀለ አልተባለም እንዴ?"

"አዎ፣ አንድም የለውም።"

"እኮ! ምን ሊያደርግበት ነው፣ ሊያቅፈው?" ብላ ቀለደች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ፊቴን አይታ እሷም ተወችው። ከማዳበሪያው ስር እጇን ከትታ እየዳሰሰች ልጅ ልጁን መረጠች፤ ጥፍሯን ስታሳርፍበት ጭማቂው የሚፈነጥቀውን። እንዳያርር ከከሰሉ ራቅ አድርጋ፣ በዝግታ እያገላበጠች ጠበሰችው። "ለእናትሽ እንዲህ በያት" አለችኝ። "ትኩሱን ትፈልፍለው፣ ሙቀጫ ውስጥ ትውቀጠው፣ ልጣጩን በነጠላ ታጥልለት። ይሄኛውን ደግሞ እንዳለ ያዢው፤ የምርቃት ነው።"

እማዬ ወቀጠች። መጀመሪያ በንዴት ነበር፤ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ኋላ ሽታው ሲወጣ እጇ ረጋ አለ። ትንሽ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው። አሮጌ ነጠላ ዘርግተን እኔ በአንድ ጫፍ እሷ በሌላው ይዘን ጨመቅነው፤ ቢጫ ወፍራም ነገር ሳህኑ ላይ ወረደ። ትኩስ ስለማይሆን ሳህኑን የዝናብ ውሃ በተጠራቀመበት ሳፋ ላይ አንሳፈፍነው። ሳህኑ ሳፋው ላይ ሲዞር ጠርዙ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር ባቡር ይመስል ነበር።

እስኪበርድ ድረስ ምን ብዬ እንደማቀርበው አሰብኩ። ፀሐይ አሰብኩ፣ ጨረቃ አሰብኩ፣ ድመቷን እንደገና ነካኋት። ምንም አልመጣም። ሳህኑን ብቻ ይዤ ገባሁ።

"ዛሬ ምን አለ?"

"በቆሎ" አልኩ። "ከእትዬ ዘነበች ከሰል ላይ የወረደ። ጨው አለው። ውሃ አለው። ሌላ ምንም የለበትም።"

ስም አይበላም እስኪለኝ ጠበቅሁ። አባባ ማንኪያውን አነሳ፤ ወደ ግድግዳው አልዞረም። አንዴ ጎረሰና አፉ ውስጥ አቆየው። ሁለተኛ። ከዚያ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሲጨርስ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አጋደመ፤ ጠግቤያለሁ ማለት ነው።

"ይሄኛው ስም ይበላል" አለኝ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። የወተቱ አጥሚት ለጎረቤታችን ሕፃን ሄደ፤ ሕፃን አይጾምም። እሁድ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው አልነበረም፤ እትዬ ዘነበች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ልጁን በቆሎ ለይታ ታስቀምጥልን ነበር።

"ማድሞዜልስ በልታለች?" አለ አባባ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ስድስት ሰዓት አልፎ፣ ሰባት አልፎ፣ ዘጠኝም አልፏል። ሳላውቀው እንደ ትልቅ ሰው ጾሜ ነበር። አባባ ይህን ሲሰማ ከአልጋው ወረደ። ግድግዳውን ይዞ ቆመ፣ ቆይቶ ለቀቀው። ፎጣውን ከክንዴ ላይ ወስዶ ክንዱ ላይ አደረገ። ወንበሩን ስቦልኝ ተቀመጥኩ። የምርቃቱን በቆሎ እንዳለ በሳህኑ አድርጎ ከግራ በኩል አቀረበልኝ፤ አውራ ጣቱ ጠርዙ ላይ።

"በቆሎ፣ ማድሞዜል። ዝናብ እስኪያባራ የሚበላ።"

ነከስኩት። ነከስኩት ማለቴ፣ ሞከርኩ። የፊት ጥርሶቼ የነበሩበት ቦታ ቀዳዳ ነው፤ በቆሎው ከንፈሬ ላይ ተንሸራቶ አፍንጫዬን ጥላሸት ቀባው። አባባ እንደገና በዚያ ሮዝ አፉ ሳቀ። በቆሎውን ተቀበለኝና በአውራ ጣቱ ረድፍ ረድፉን እየፈለፈለ መዳፌ ላይ አደረገልኝ። መንጋጋዬ ጋ ወስጄ ማኘክ ጀመርኩ።

"ጮክ ብለሽ ብዪ" አለኝ።

"ምን?"

"ሲታኘክ ልስማው።"

እማዬ ሁልጊዜ አፍሽን ገጥመሽ ብዪ ነው የምትለኝ። አየኋት፤ በዓይኗ ፈቀደችልኝ። አፌን ከፍቼ፣ ቀጭ ቀጭ እያደረግሁ፣ የቻልኩትን ያህል በድምፅ በላሁ። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር፤ ባዶው አገጩም ከኔ ጋር እኩል እያኘከ።